ስማቸው ያልታወቀው ንጉምባኦ

ጉድጓዱ ገና እርጥብ ነበር። ሃሉዋ መቆፈሪያዋን ትከሻዋ ላይ እንዳጋደመች ቆማ አፈጠጠችበት። መንገድ ስቼ ይሆናል ብላ ዞር አለች። የማንጎው ዛፍ ያው ነው፤ የካሳቫው ማሳም ያው ነው። ተመልሳ ጉድጓዱን አየች። ትናንት ከቀትር በኋላ አባቷ እዚህ ቆመው ነበር፤ ዛሬ የሉም።

አባቷ ንጉምባኦ ከሞቱ አምስት ዓመታቸው ነበር። በሕይወት ሳሉ ጎሁ የሚባለው የተከበሩ ሽማግሌዎች ማኅበር ሰው ነበሩ፤ የጎሁን ሰው ደግሞ አፈር አልብሶ ብቻ መተው አይቻልም። በሞቱ በሁለተኛው ዓመት ለበኩር ልጃቸው ለቶያ በሕልሙ መጥተው፣ "በረደኝ፤ ምነው ረሳችሁኝ?" አሉት። በዚያው ሰሞን ፍየሎቹ ያለ በሽታ እየወደቁ ያልቁ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ጠራቢ አስጠሩ። ምስጥ ከማይደፍረው እንጨት ሰው የሚያህል ምሰሶ ተጠረበ፤ ራሱ ክብ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ደረቱ ከላይ እስከ ታች በተቀረጸ ጌጥ የተሞላ። ወገቡን ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ጨርቅ አስታጠቁት፤ እግሩ ሥር የዘንባባ ጠጅ አፈሰሱለት። ይኸው ነው ኪጋንጎ። ንጉምባኦ ዐረፉ፤ ፍየሎቹም መሞታቸውን ተዉ።

ኪጋንጎ ከቆመበት አይነቀልም። መንደሩ ቢለቅ፣ ቤቱ ቢፈርስ፣ የልጅ ልጅ ቢሰደድ እሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ይበሰብሳል እንጂ ወዴትም አይሄድም። ይህን የማያውቅ የጊሪያማ ጎሳ ልጅ ከሳባኪ ወንዝ ወዲህም ወዲያም የለም።

ሃሉዋ ለዚህ ምሰሶ ስትል ተሰድባለች። አንድ በጋ የጎረቤት የማሳ ቃጠሎ አምልጦ ወደ ኪጋንጎው ሲገሰግስ፣ በእርጥብ ቅርንጫፍ እየደበደበች ያጠፋችው እሷ ነበረች። ጉልበቱ አካባቢ መዳፍ የምታክል ጥቁር ጠባሳ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ግን፣ "ሴት ልጅ የጎሁን ነገር በእጇ ትነካለች?" ብለው ተቆጧት።

"እሳቱን 'ወንድ እስኪመጣ ጠብቅ' ልበለው?" አለች።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆና እሪታዋን ለቀቀችው። ወንድሟ ቶያ የጥርስ መፋቂያውን እያኘከ መጣ።

"ምስጥ ይሆናል" አለ፤ ጉድጓዱን ሳያይ።

"ምስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ምሰሶ ተሸክሞ፣ የመኪና ጎማ ፈለግ ትቶ ይሄዳል እንዴ ወንድሜ?"

ቶያ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጣለና ሄደ። ሃሉዋ ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ሕፃኗን አዝላ ከተማ ወረደች፣ ፖሊስ ጣቢያ።

"ምን ጠፋብሽ?" አላት መዝጋቢው፣ ብዕሩን አንስቶ።

"አባቴ።"

"ዕድሜያቸው ስንት ነው?"

"ሞተዋል።"

ብዕሩን አስቀመጠው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ብትነግረው ጊዜ ትዕግሥቱ ተሟጦ፣ "ማማ፣ እኛ የተሰረቀ መኪና የምንከታተልበት ነዳጅ የለንም፤ አንቺ እንጨት ፈልጉልኝ ትያለሽ? አንዱ ማገዶ አድርጎታላ!" አለና ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። ሃሉዋ የዚያን ቀን መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች አልተመለሰችም። እየተሳደበች ነው የተመለሰችው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን እንኳ እስኪባንን ድረስ።

ዓመታት ሄዱ። የሰሜኑ ነፋስ ጀልባዎቹን አመጣ፣ የደቡቡ መለሳቸው። ሃሉዋ ባል ሞተባት፤ ልጆቿን ማኩቲ የሚባለውን የጣሪያ ክዳን እየሠራች አሳደገች። የኮኮናቱን ቅጠል በቀጭን በትር ላይ እያጠፈች በልጥ ትሰፋለች፤ ሰፍታም ትከድናለች። መስፋቱ የሴት፣ ጣሪያ ላይ መውጣቱ የወንድ ነው ይባል ነበር። እሷ ግን ወንዶቹ የሰፋችውን አጣመው ሲመቱባት እያየች ደሟ ስለሚፈላ መሰላሉን ራሷ ወጣችው። ቀስ በቀስ አምስት ሴቶች ተከተሏት። "የሃሉዋ ክዳን ባሕር ቢገለበጥበት አያፈስም" ተባለ። የስዋሂሊ ነጋዴዎቹ፣ የባጁኒ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ከማዶ የመጡት ባለ ሆቴሎችም ሳይቀሩ ጣሪያቸው ሲያረጅ ሰው የሚልኩት እሷ ዘንድ ሆነ።

ከስርቆቱ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ትልቁ ዝናብ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ «ነጭ ሸራ» የሚባል የባሕር ዳር ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አዳራሹን እንድትከድን ጠራት። አሮጌው ክዳን ወርዶ የጣሪያው አጥንት ብቻ ቀርቷል። ከታች ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ እንዳይነካው ፕላስቲክ ተከናንቧል። ሴቶቹ ሁለት ቀን ከደኑ፤ እኩሌታውን ጨረሱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሃሉዋ ውሃ ልትጠጣ ወረደች። ነፋሱ አንዱን ፕላስቲክ ገፎት ነበር። ጥግ ላይ፣ በሲሚንቶ መቆሚያ ላይ፣ አባቷ ቆመዋል። ራሳቸው ላይ የፀሐይ ባርኔጣ ተደፍቷል። ወገባቸው ላይ፣ ጨርቁ በታጠቀበት፣ የአንድ ሴት ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

ጣሳው ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሄዳ በርከክ አለችና ጉልበቱን ዳበሰች። ጠባሳዋ አለች፤ መዳፏ ልክክ አለባት።

"ካቼ!" ብላ ወደ ጣሪያው ተጣራች። "ውረጂ! አሁኑኑ!"

ካቼ የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች ከስድስቱ ሴቶች ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። መጣች፣ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እዚህ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው የሚለው?"

ካቼ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "'የባሕር ዳርቻው ሕዝቦች ቅርስ' ይላል። 'የመቃብር ምሰሶ' ይላል። ከዚያ..." ቆም አለች። "'የሟቹ ስም አይታወቅም' ይላል።"

ሃሉዋ ስትናደድ ድምጿ አይጮኽም፤ ይወርዳል። የሚያውቋት ይህን ስለሚያውቁ ድምጿ ሲወርድ ራቅ ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ሙቱኩ ግን አያውቃትም። ደገኛ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ሁልጊዜ የለዘበ።

"ማማ፣ እባክሽ አትንኪው፤ ውድ ዕቃ ነው" አላት ከጠረጴዛው ማዶ።

"ባርኔጣው የማነው?"

"የእንግዳ ይሆናል።"

ባርኔጣውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ቦርሳውንም አስከተለች። "እኚህ አባቴ ናቸው" አለች።

ሙቱኩ ፈገግ አለ። "ልክ ነሽ። አባቶቻችንን ሁላችንም ልናከብር ይገባል። እኛም ያስቀመጥነው ቅርሳችን እንዲታይ ብለን ነው።"

"የሁላችንም አላልኩህም። የእኔ አባት ነው ያልኩህ። ንጉምባኦ፣ የምዋፁማ ልጅ።"

"ማማ፣ እነዚህ ምሰሶዎች እኮ ሁሉም ይመሳሰላሉ።"

"ለአንተ ነዋ የሚመሳሰሉት! ለእኔ ደግሞ ክራባት ያሰረ ሁሉ ነው የሚመሳሰለኝ። ታዲያ አባትህን ከማንም ጋር ልቀላቅልብህ?"

ካቼ ሳቋ አመለጣት። ሙቱኩ አልሳቀም። ደረሰኝ እንዳላቸው፣ ከሞምባሳ ነጋዴ በሕጋዊ መንገድ እንደተገዛ፣ ሥራዋን ብትቀጥል እንደሚሻል ነገራት። ምሳ በሆቴሉ ወጪ እንደሚያዝላቸውም ጨመረበት።

"አባቴን በደረሰኝ ገዛችሁ፤ እኔን ደግሞ በምሳ?" አለች ሃሉዋ። ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ፣ "ሴቶች፣ መሰላሉን አውርዱ" አለች።

"ሥራውስ?" አለ ሙቱኩ። ወደ ላይ አየ፤ በአዳራሹ ግማሽ ላይ ሰማይ ይታያል። "ዝናቡ እየመጣ ነው እኮ!"

"ይምጣ። ዝናብም የዚህ አገር ቅርስ ነው፤ እንግዶችህ ይዩት።"

ሴቶቹ ወርደው መሰላሉን ተሸክመው ወጡ። እሷ ምሰሶው እግር ሥር እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ዘበኞቹ መጡ፤ አንደኛው የካውማ፣ ሌላው የዲጎ ጎሳ ሰው ነበር። ምሰሶውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ተያዩ። ሊነኳት አልደፈሩም። "ጌታዬ፣ እኛ ቤትም ሙታን አሉ" አለው የዲጎው ሰው ለሙቱኩ፤ ይህን ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት መጥታ እዚያው ተቀመጠች። ሙቱኩ ፖሊስ ጠራ፤ ካቼ በበኩሏ ሽማግሌውን ምዋሪንጋን ከመንደር ይዛ መጣች። በአክብሮት ምዜ የሚባሉት ምዋሪንጋ ከጎሁ ማኅበር ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው ገቡና ምሰሶው ፊት ቆመው በጆሮው በኩል አነጋገሩት። ምን እንዳሉት ማንም አልሰማም።

ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ቢያንስ አልሳቀም። "ማማ፣ የአባትሽ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?"

"ጉልበታቸውን እይ። እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ጠባሳ በየትኛውም እንጨት ላይ ይገኛል" አለ ሙቱኩ። ከመሳቢያው የተቀዳደደ ፋይል አወጣ፤ የዚያን ቀን ነገሩን ለመቋጨት ቆርጦ ነበር። "እኛ የተሰረቀ ነገር አንገዛም። ይኸው፣ የነጋዴው ወረቀት። 'ከሟቹ ከንጉምባኦ ልጅ፣ ከቶያ ንጉምባኦ፣ በፈቃዱ የተገዛ።' የአውራ ጣቱ አሻራም አለበት። ማማ፣ የገዛ ወንድምሽ ነው የሸጠው።"

ካቼ የሃሉዋን ክንድ ያዘች።

ሃሉዋ ያን ዓመት አስታወሰች። ከስርቆቱ በኋላ ወር ሳይሞላ ቶያ ብስክሌት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጠጅ ሸጬ ነው ብሎ። በወንድሟ ንዴት ላይ ብትቀር ሙቱኩ አሸንፎ ነበር። ግን ከሁሉ ቀድሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት።

"ካቼ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ድገሚልኝ።"

"'የሟቹ ስም አይታወቅም።'"

"ፋይልህ ውስጥ ስማቸው አለ" አለች ሃሉዋ። ድምጿ ከመውረዱ የተነሳ ፖሊሱ ለመስማት ጎንበስ አለ። "ይህን ሁሉ ዓመት ስማቸውን መሳቢያህ ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ግድግዳችሁ ላይ 'አይታወቅም' ብላችሁ ጻፋችሁ። መርሳት እንዳትለኝ። ስም ያለው ሰው ላይ ባርኔጣ መስቀል ያሳፍራል፤ ስለዚህ ስማቸውን ገፈፋችሁ። ወንድሜ ሥጋቸውን ሸጠ፤ እናንተ ስማቸውን ሰረቃችሁ። ከሁለታችሁ ማን እንደሚከፋ እኔ አላውቅም።"

ሙቱኩ እጁን ወደ ፋይሉ ሰደደ። ዘጋው።

"ግን እኮ..." አለ ፖሊሱ ራሱን እያከከ፣ "ልጁ ከሸጠው..."

ምዜ ምዋሪንጋ በትራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። "ልጅ የአባቱን ሸሚዝ ይሸጣል። ፍየሉንም ይሸጣል፣ ይብላው። ኪጋንጎ ግን የልጅ አይደለም፤ የሙታኑ ነው። የእሱ ያልነበረውን የሸጠና ያልተሸጠውን የገዛ፣ ሁለቱም እጃቸው ላይ ያለው የሰው ነገር ነው።"

"ሻጩ ራሱ መጥቶ ይናገር እንግዲህ" አለ ፖሊሱ።

ሃሉዋ ተነሥታ ሄደች። ቶያ ደጁ ላይ፣ የኮኮናት ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጉልበቱ ካመመው ወዲህ የዘንባባ ጠጅ ለመቅዳት ዛፍ አይወጣም፤ ሌሎች የቀዱትን ይጠጣል። ገና ከሩቅ ሲያያት ቅሉን አስቀመጠ።

"አገኘኋቸው" አለችው።

ማንን ብሎ አልጠየቃትም። ይህ ነው ያቃጠላት፣ አለመጠየቁ።

"ሁሉም ይሸጥ ነበር እህቴ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ሰውየው በመኪና መጣ። ፎቶ አሳየኝ፤ በውጭ አገር ቤተ መዘክር ያከብሯቸዋል አለኝ። እኔም..."

"ሕልሙን ያየኸው አንተ ነህ! 'በረደኝ' ያሉህ አንተን ነው! የእኔ ሕልም ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይሰሙኝ ነበር? አንተ ወንድ ስለሆንክ፣ በኩር ስለሆንክ ሰሙህ። ሁለተኛ ልጄን ላምጥ ስል ክሊኒክ ያደረስከኝ በምን ነበር?"

"ተይ አታንሺው።"

"በምን ነበር?"

"በብስክሌቱ።"

"በአባቴ ጀርባ ላይ ተቀምጬ ነዋ የወለድኩት! አንድ ቃል ሳትነግረኝ!" ቅሉን በእግሯ ገለበጠችው፤ ጠጁ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። "ተነስ። ሄደህ በአፍህ ትናገራለህ።"

"ያስሩኛል።"

"እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ታስረው የለ?"

ተነሣ። ከኋላዋ እያነከሰ ተከተላት፤ ማታቱው፣ የሕዝብ ሚኒባሱ ላይም ጎን ለጎን አልተቀመጡም። አዳራሹ ሲደርሱ ቶያ ምሰሶውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ "የሸጥኩት እኔ ነኝ። የእኔ አልነበረም" አለ። ፖሊሱ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ጻፈ።

ትልቁ ዝናብ ዘንድሮ ሦስት ሳምንት አልጠበቀም። በዚያው ሳምንት ዐርብ ዕለት ከባሕሩ ተነሥቶ መጣና በተከፈተው ጣሪያ ገባ። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ የእንግዶቹ ሻንጣ ዋኘ። ሙቱኩ ሌላ ከዳኝ ፍለጋ ሰው ላከ፤ ከኪሊፊ እስከ ማምብሩዪ ያለ ከዳኝ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ አንዱ ወገቡን አመመው፣ ሌላው ልቅሶ ነበረበት። ቅዳሜ የሆቴሉ ባለቤት በስልክ፣ "ስጧት፤ ይውጣልኝ" አለ።

መውጣቱ ግን ቀላል አልሆነም። ሲሚንቶውን በመዶሻ ሲሰብሩት፣ በመሬት ውስጥ የሚቀበረው የምሰሶው እግር የለም። ለመቆሚያው እንዲመች በመጋዝ ተቆርጧል። ሃሉዋ የተቆረጠውን ጫፍ በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ሙቱኩን አየችው። ሙቱኩ ዞር አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየችው እፍረት ነበር። እሷ ግን የሰው እፍረት የምትመዝንበት ጊዜ አልነበራትም።

ደግሞ ፎቶ አንሺ ጠርተዋል! ሆቴሉ ቅርስ መለሰ ተብሎ በጋዜጣ ሊወጣ። ሙቱኩ በአንድ በኩል ቆመ፤ ሃሉዋን በሌላ በኩል አቆሟት።

"ማማ፣ ትንሽ ፈገግ በይ" አላት ፎቶ አንሺው።

ጀርባዋን ሰጠችው። በጋዜጣው ላይ የወጣው ጀርባዋ ነው፤ ካቼ ቆርጣ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

በመንደሩ ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተከራከሩ። የተነቀለ ኪጋንጎ ይተከላል ወይስ አይተከልም? እግሩ የተቆረጠስ? መጨረሻ ላይ፣ ሟቹ ያለ ፈቃዳቸው ስለተነቀሉ በነበሩበት ይቆሙ፣ ለተቆረጠው እግር ጠራቢ ይፈለግለት ተባለ። በቶያ ላይ ደግሞ አንድ ፍየልና አንድ እንስራ ጠጅ ፈረዱ።

"ፍየል?" አለች ሃሉዋ፣ ሴት በማይናገርበት ሸንጎ መሀል ተነሥታ። "ጎረቤት ካሳቫ ቢሰርቅ እኮ ፍየል ነው!"

"ልጄ፣ ወንድምሽ ነው" አሉ ምዜ ምዋሪንጋ።

"አባቴ ደግሞ ምኔ ነበሩ?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ሌላው ጉዳይ አለፉ። ይባስ ብሎ ከከተማ የመጣ የቅርስ ሠራተኛ፣ እንደገና እንዳይሰረቅ የብረት ፍርግርግ እናጥርበት አለ። ሽማግሌዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማሙ። ሃሉዋ እንደ ቆመች ጣቷን ወደ እነሱ ቀሰረች። "ሌባው በአገሩ እየተዝናና ይሄዳል፤ የተሰረቁት ሰው ብረት ውስጥ ይገባሉ! ይህ ነው ፍርዳችሁ?"

"እውነትሽን ነው" አሉ ምዜ ምዋሪንጋ ሳይቆጡ። "ነውር ነው፤ ነውሩም የእኛ ነው። ግን ደግመው ቢወስዷቸው፣ ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት የምትጮኺበት ጉልበት አለሽ?"

ሃሉዋ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ፍርግርጉ ታጠረ። አንድ ነገር ብቻ አስለወጠች፤ ቆርቆሮ ሊያለብሱት ሲሉ መሰላል አስደግፋ ወጥታ አወረደችው። ዝናብ ይንካቸው፣ ምስጥም ከቻለ ይብላቸው፤ ሰው እንደ ሰው ማርጀት አለበት አለች። በዚህ ማንም አልተከራከራትም።

ካቼና ሌሎቹ ሴቶች ተመልሰው የ«ነጭ ሸራ»ን ጣሪያ ጨረሱ። ልጅ ያሳደጉበት ሥራ ስለሆነ ሃሉዋ አልከለከለቻቸውም። እሷ ግን አልሄደችም። ከቶያ ጋርም አትነጋገርም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ ቆሞ ያሳልፋታል፤ እሷ ታልፋለች።

ወሬው ግን አገር አዳረሰ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማኩቲ እየሰፋች ሳለ አንድ የራባይ ሽማግሌ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። አጎታቸው ከተነቀሉ ሰላሳ ዓመታቸው ነው። "አንቺ የሆቴሎቹን ጣሪያ ስለምትወጪ፣ ከላይ ሆነሽ ውስጡን ታያለሽ ብለው ነው የላኩኝ" አሏት። በዚያው ረፋድ ከእሳቸው በኋላ ከዱሩማ አንዲት ባልቴት መጡ፤ ከዚያም ከካምቤ ሁለት ወንድማማቾች። እያንዳንዱ ተቀምጦ የራሱን ሙት ቁመት በእጁ ለካላት።

ሃሉዋ መርፌዋን አኖረች። "ይህን ሁሉ ሰው ነው ነቅለው የወሰዱት?" አለች፤ ድምጿ ወርዶ ነበር። ለራባዩ ሽማግሌ ውሃ ቀዳችላቸውና ፊት ለፊታቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አጎትዎ ስማቸው ማን ነበር?" አለቻቸው። "ከስማቸው ይጀምሩልኝ።"